መሪን በውጭ ጦር ማውረድ፦ ሕጉ ምን ይላል? የምሥራቁ አገራችንስ ምን አየ?

በ1875 ጥቅምት ወር ራውፍ ፓሻ የሚባል የግብፅ ጦር አዛዥ ከዘይላ ተነስቶ ሐረር ገባ። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የከተማው አሚር ሙሐመድ ብን ዓሊ ብዙም ሳይቆዩ ታንቀው ተገደሉ። ከ1647 ጀምሮ የቆየው የአሚሮቹ አገዛዝ በዚያው ተቋረጠ። ግብፆቹ ምክንያት አልቸገራቸውም። ንግድ እናስፋፋለን አሉ። የባሪያ ንግድ እናስቆማለን አሉ። ሥልጣኔ እናመጣለን አሉ። አሚሩም ቢሆኑ በገዛ ከተማቸው ቅሬታ ይነሳባቸው እንደነበር ይጻፋል። ስለዚህ ግብፆቹ ሲገቡ ሁሉም ሰው አለቀሰ ማለት አይቻልም።

ግብፆች ሐረርን አሥር ዓመት ገዟት። ከዚያ ሱዳን ውስጥ የማህዲ አመፅ ተነሳ። በዚያን ጊዜ ካይሮን በእጃቸው ያስገቡት እንግሊዞችም ግብፅ ሐረርን እንድትለቅ አደረጉ። በ1885 ጦሩ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ባሕር ወረደ። የተገደሉት አሚር ልጅ አብዱላሂ በአባታቸው ወንበር ተቀመጡ። ግን ምን ይዘው? የአባታቸው አገዛዝ የቆመበት ነገር ሁሉ አሥር ዓመት ሙሉ ሲፈርስ ኖሯል። ለልጁ የተረፋቸው ጥቂት ወታደርና ብዙ ጥርጣሬ ነበር። በ1886 የጣሊያን ተጓዦች በግዛታቸው ተገደሉ። በጥር 1887 ደግሞ ጨለንቆ ላይ ከምኒልክ ጦር ጋር ገጥመው ተሸነፉ። ጨለንቆ ዛሬም በአካባቢያችን ስሜት የሚነካ ጉዳይ ነው። ራሱን የቻለ ጽሑፍ ስለሚፈልግ እዚህ አልገባበትም። ለዛሬው ጉዳይ የሚያስፈልገኝ የጊዜው ስሌት ነው። የውጭ ጦር አሚሩን አወረደ። አሥር ዓመት ቆየ። ወጣ። በወጣ በሁለት ዓመት ውስጥ ከተማዋ በሌላ ኃይል እጅ ገባች።

አንድ ኃያል አገር የሌላውን ፕሬዝዳንት በጦር አወርዳለሁ ባለ ቁጥር እዚህ ድሬ በርጫው ሁሉ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን “አቦ ይንቀሉት! ሕዝቡን የጨረሰ ሰው ነው” ይላል። ሌላው “ሉዓላዊነትስ የት ሊገባ ነው?” ብሎ ይነሳል። ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚያልቀው ጫቱ ሲያልቅ ነው። እኔ ሁለቱ ወገኖች የሚነጋገሩበት ነገር አንድ ነው ባይ ነኝ። “ይፈቀዳል ወይ?” የሚለው የሕግ ጥያቄ “ከዚያስ ምን ይሆናል?” ከሚለው አይነጠልም። ሕጉ ክልከላውን ያመጣው ለአምባገነን አዝኖ አይደለም። “ከዚያስ” የሚባለውን ነገር ደጋግመው የቀመሱ ሰዎች ናቸው የጻፉት።

ከቀመሱት አንዷ ኢትዮጵያ ናት። በመጋቢት 1936 የጣሊያን አውሮፕላኖች ሐረርን ደበደቡ። በግንቦት መጀመሪያ ንጉሡን የያዘው ባቡር በድሬዳዋ አልፎ ጂቡቲ ወረደ። ከጥቂት ቀናት በኋላ የግራዚያኒ ጦር ሐረር ገባ። ጣሊያን ለመንግሥታቱ ማኅበር ያቀረበችው ሰበብ ምን ነበር? ኢትዮጵያ ባሪያ የምታሳድር፣ ያልሠለጠነች አገር ናት የሚል ነው። ከስልሳ ዓመት በፊት ከካይሮ የመጣው ሰበብ ልብሱን ለውጦ ተመለሰ። ባርነት ኢትዮጵያ ውስጥ አልነበረም ወይ? ነበር። ችግሩ እሱ ላይ ነው። እንዲህ ዓይነት ሰበብ ሙሉ በሙሉ ውሸት ቢሆን ኖሮ ማንም አያምነውም ነበር።

በ1945 የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ሲፈረም ኢትዮጵያ ከመሥራቾቹ ጋር ተቀመጠች። የቻርተሩ አንቀጽ 2(4) አባል አገሮች በሌላ አገር የግዛት አንድነትና የፖለቲካ ነፃነት ላይ ኃይል እንዳይጠቀሙ ይከለክላል። እንጠቀማለን ብሎ ማስፈራራትም ክልክል ነው። ይህን ብዙ ሰው አያስተውለውም። መርከብ አስጠግቶ “ውረድ፣ አለዚያ እመጣለሁ” ማለት ራሱ ጥያቄ ያስነሳል።

ከዚህ ክልከላ የሚወጡት በሮች ሁለት ናቸው። አንዱ በአንቀጽ 51 ያለው ራስን መከላከል ነው። የታጠቀ ጥቃት ከደረሰብህ ትመልሳለህ። ሁለተኛው የፀጥታው ምክር ቤት በምዕራፍ ሰባት ሲፈቅድ ነው። መሪው ጨካኝ መሆኑ፣ ምርጫ መስረቁ፣ አደንዛዥ ዕፅ መነገዱ በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም። በ1974 ጠቅላላ ጉባኤው ወረራ ምን እንደሆነ ሲተረጉም ፖለቲካዊም ሆነ ኢኮኖሚያዊ ወይም ወታደራዊ ምክንያት ለወረራ ማስተባበያ አይሆንም ብሎ ዘጋው። በ2005 የዓለም መሪዎች ሕዝብን ከዘር ማጥፋትና ከመሰል ወንጀሎች የመጠበቅ ኃላፊነት አለብን ብለው ሲስማሙም ኃይል የሚያስፈልግ ከሆነ መንገዱ በፀጥታው ምክር ቤት በኩል ነው አሉ።

ሦስተኛ በርም አለ፤ ግብዣ። የአንድ አገር ሕጋዊ መንግሥት ጎረቤቱን “ና እርዳኝ” ካለ የመጣው ጦር ወራሪ አይባልም። እዚህ ላይ ነው ጨዋታው የሚበዛው። ማን ነው ሕጋዊ ጋባዥ? ሥልጣን ላይ ያለው? ምርጫ ያሸነፈው? በስደት ሆኖ መንግሥት ነኝ የሚለው? አንዳንዴ ጋባዡ ከተጋባዡ ጦር በኋላ ነው የሚገኘው። በታኅሣሥ 1989 አሜሪካ ፓናማን ስትወር አዲሱ ፕሬዝዳንት ጊየርሞ እንዳራ ቃለ መሐላ የፈጸሙት ወረራው በሚጀመርበት ሌሊት፣ አሜሪካ በያዘችው የጦር ሰፈር ውስጥ ነበር።

ፓናማን ካነሳን አይቀር ስለ መሪ መታሰር አንድ ነገር ልበል። የፓናማው ገዥ ማኑኤል ኖሪየጋ ቫቲካን ኤምባሲ ተሸሽገው ቆይተው በጥር 1990 እጃቸውን ሰጡ። ማያሚ ተወስደው ተፈረደባቸው። ጠበቆቻቸው “የአገር መሪ በሌላ አገር ፍርድ ቤት አይከሰስም” ብለው ነበር። መርሁ ትክክል ነው። ዘ ሄግ ያለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤትም በ2002 በኮንጎና በቤልጂየም ክርክር ሥልጣን ላይ ያለ መሪ ወይም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር በሌላ አገር ፍርድ ቤት ያለመከሰስ ከለላ እንዳለው አረጋግጧል። የማያሚው መልስ ግን ቀላል ነበር። አሜሪካ ኖሪየጋን የአገር መሪ አድርጋ አታውቃቸውም፤ ስለዚህ ከለላ የላቸውም። ልብ በሉ፣ መሪ ነህ አይደለህም የሚለውን የሚወስነው ያው ያሰረው ወገን ነው። ይህን መንገድ አንዴ ከከፈትከው ሌላውም ይሄድበታል።

ከወረራው በኋላ ጠቅላላ ጉባኤው 75 ለ20 በሆነ ድምፅ ድርጊቱን ኮነነ። በ1983 ግሬናዳ ስትወረርም እንዲሁ በ108 ድምፅ ተኮንኖ ነበር። የተቃወሙት 9 ብቻ ናቸው። የፀጥታው ምክር ቤትማ አሜሪካ በቬቶ ስለምታግደው ምንም ማለት አልቻለም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው ነገሩ። አፍጋኒስታን ላይ ሶቪየት ኅብረት፣ ዩክሬን ላይ ሩሲያ ያደረጉትም ያው ነው። ቬቶ ያለው አገር በገዛ ጉዳዩ ላይ ዳኛም ነው።

ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ራስን መከላከል የት ላይ ያበቃል የሚለውን ጥያቄ ከምሥራቁ ሰው የበለጠ የሚያውቀው ያለ አይመስለኝም።

በሐምሌ 1977 የሶማሊያ መደበኛ ጦር ድንበር ተሻገረ። በነሐሴ ድሬዳዋ ላይ ደረሰ። ውጊያው የሲሚንቶ ፋብሪካው አካባቢ እንደነበር ያዩት ሰዎች ዛሬም ያወራሉ። በመስከረም ጅጅጋ ወደቀች። ሐረር ዙሪያ እስከ ጥር 1978 ድረስ ተዋግተውባታል። ከዚያ የኢትዮጵያ ጦር ከኩባ ወታደሮች ጋር ሆኖ መልሶ ማጥቃት ጀመረ። በመጋቢት መጀመሪያ ጅጅጋ ተያዘች። ዚያድ ባሬ ጦራቸውን እንደሚያስወጡ ያስታወቁት ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ነው።

በዚያ ሰዓት ሐርጌሳ ቅርብ ነበረች። የሶማሊያ ጦር ተሰባብሯል። መንገዱ ክፍት ነበር ማለት ይቻላል። ግን ሞስኮም አዲስ አበባም የኢትዮጵያ ጦር ድንበር እንደማያልፍ ለዋሽንግተን ቃል ገብተው ነበርና ጦሩ ድንበሩ ላይ ቆመ። ደርግ ሕግ አክባሪ ሆኖ አይደለም፤ በዚያው ዓመት በገዛ ከተሞቹ ቀይ ሽብር እያካሄደ የነበረ መንግሥት ነው። የልዕለ ኃያላኑ ስሌት ነው ያቆመው። ያም ሆኖ ውጤቱ ከሕጉ ጋር ገጠመ። ጥቃቱን መልሰህ፣ መሬትህን አስለቅቀህ፣ እዚያ ላይ ትቆማለህ።

እዚህ ላይ ታሪኩን ብዘጋው ደስ ይለኝ ነበር። ግን አልተዘጋም። ደርግ በፊት ለፊት ያላደረገውን በጓሮ ሞከረው። የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ፣ ዚያድ ባሬን ለመጣል የተነሳው የሰሜኑ ድርጅት፣ በ1982 ዋና ጽሕፈት ቤቱን እዚሁ ድሬዳዋ አደረገ። ተዋጊዎቹ ከኢትዮጵያ እየተነሱ ሰሜን ሶማሊያ ውስጥ ጥቃት ይፈጽሙ ነበር። ሞቃዲሾም በበኩሏ የእኛን አማፅያን ትረዳ ነበር። ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በ1986 በኒካራጓና በአሜሪካ ጉዳይ የፈረደው ስለዚህ ዓይነት ነገር ነው። የሌላን አገር መንግሥት ለመጣል የሚዋጋን ኃይል ማስታጠቅና ማሠልጠን በራሱ ሕግ መጣስ ነው አለ። ጦርህ ድንበር ባያልፍም።

በሚያዝያ 1988 መንግሥቱና ዚያድ ባሬ ታረቁ። አንዱ የሌላውን ተቃዋሚ ላለመርዳት ተስማሙ። ንቅናቄው መሠረቱ ሊነጠቅ መሆኑን ሲያውቅ በግንቦት ወር ቡርዖንና ሐርጌሳን አጠቃ። የዚያድ ባሬ አየር ኃይል የገዛ ከተማውን ሐርጌሳን ደበደበ። በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሰው በእግሩ ወደ ጅጅጋ ዙሪያ ተሰደደ። ሐርቲ ሼክ የስደተኛ ከተማ ሆነች። በ1991 ዚያድ ባሬ የወደቁት በገዛ ሕዝባቸው ነው። ሆኖም አገሪቱ ፈረሰች። ስለዚህ አገር የሚፈርሰው የውጭ ጦር ሲገባ ብቻ ነው ብዬ አልከራከርም። መንግሥቱን በራሱ አምሳል ብቻ የሠራ ሰው ማንም ቢያወርደው ሲወርድ ብዙ ነገር ይዞ ይወርዳል።

በዚያው ዘመን የታንዛኒያው ፕሬዝዳንት ኒዬሬሬ የተለየ ነገር አደረጉ። የኡጋንዳው ገዥ ኢዲ አሚን በ1978 መጨረሻ የታንዛኒያን የካጌራ አካባቢ ወረሩ። የታንዛኒያ ጦር አስወጣቸው። ግን ድንበሩ ላይ አልቆመም። ከኡጋንዳ ስደተኛ ተዋጊዎች ጋር ሆኖ በሚያዝያ 1979 ካምፓላ ገባ። ኒዬሬሬ ሁለት ጦርነት ነው ያለው ይሉ ነበር። አንዱ ታንዛኒያ መሬቷን የምታስለቅቅበት፣ ሌላው ኡጋንዳውያን አምባገነናቸውን የሚጥሉበት። ብልህ አባባል ነው። ሕግ ላይ ግን ጠንክሮ አይቆምም፤ ካምፓላ ድረስ የሄደው ታንክ የታንዛኒያ ነበርና። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አባላት በዚያው ዓመት ሞንሮቪያ ሲሰበሰቡ ሱዳንና ናይጄሪያ ወቀሷቸው። አብዛኛው ዝም አለ። አሚንን የሚያዝንለት ስላልነበረ ነው።

ዝምታው ይገባኛል። እኔም እዚያ ብሆን ዝም የምል ይመስለኛል። የኡጋንዳ መከራ ግን በአሚን መሄድ አላበቃም። በሁለት ዓመት ውስጥ መሪዎች ተፈራረቁ። በ1980 አወዛጋቢ ምርጫ የቀድሞው ፕሬዝዳንት ኦቦቴ ተመለሱ። ሙሴቬኒ ጫካ ገቡ። እስከ 1986 ድረስ በሉዌሮ አካባቢ እጅግ ብዙ ሰው አለቀ። አሚን ግን ሳውዲ አረቢያ ተቀምጠው በ2003 በሕመም ሞቱ።

ኢትዮጵያ ድንበር ተሻግራ ዋና ከተማ የገባችው በ2006 ነው። የእስልምና ፍርድ ቤቶች ኅብረት ሞቃዲሾንና አብዛኛውን ደቡብ ሶማሊያ ይዞ ነበር። ባይደዋ ላይ የተቀመጠው የሽግግር መንግሥት ዓለም የሚያውቀው ግን ዋና ከተማው በእጁ ያልሆነ መንግሥት ነበር። የኢትዮጵያ መንግሥት ሁለት በር ይዞ ነው የተከራከረው፤ ራስን መከላከልና ግብዣ። ግብዣው አለ፤ ሊካድ አይችልም። በሌላ በኩል የፀጥታው ምክር ቤት በታኅሣሥ 2006 መጀመሪያ ባወጣው ውሳኔ 1725 ሰላም አስከባሪ ሲፈቅድ የሶማሊያ ጎረቤቶች ወታደር እንዳይልኩ የሚለውን የኢጋድ ሐሳብ ደግፎ ነበር። ይህ ለኢትዮጵያ ክርክር እንቅፋት ነው። ሕግ አዋቂዎች እስካሁን በዚህ አይስማሙም።

ወታደራዊው ሥራ በቀናት አለቀ። ታኅሣሥ 28 ሞቃዲሾ ተያዘች። ከዚያ ሁለት ዓመት የከተማ ውጊያ መጣ። ከፍርድ ቤቶቹ ክንፎች አንዱ የነበረው አል ሸባብ “የውጭ ወራሪ” የሚለውን ቃል ይዞ ወጣት መመልመል ቻለ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ምቹ ቅስቀሳ አልነበረውም። በጥር 2009 የኢትዮጵያ ጦር ወጣ። በዚያው ወር መጨረሻ የሶማሊያ ፓርላማ ጂቡቲ ላይ ተሰብስቦ ፕሬዝዳንት መረጠ። ማንን? ሼክ ሸሪፍ ሼክ አሕመድን፤ ጦሩ ያባረረውን ኅብረት ይመሩ የነበሩትን ሰው። ሼክ ሸሪፍ በተመረጡ በቀናት ውስጥ የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ላይ ለመገኘት አዲስ አበባ ገቡ፤ በክብርም ተቀበሏቸው። ክርክር ለሚወድ ሰው ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይቅረብ? ከእሳቸው ጋር በ2006 ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ ይቻል ነበር ወይ የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አይቻልም ነበር የሚሉ ሰዎች የራሳቸው ምክንያት አላቸው። በኅብረቱ ውስጥ ጦርነት ያወጁ ጽንፈኞች እንደነበሩም እውነት ነው።

አሁን ሊቢያ። ስለ ሊቢያ ረዘም አድርጌ የምጽፈው ሦስተኛው ዓይነት ስለሆነች ነው። ፈቃድ ነበረ። በሕግ በር የተገባበት ጣልቃ ገብነት ነው።

በመጋቢት 17 ቀን 2011 የፀጥታው ምክር ቤት ውሳኔ 1973ን በ10 ድምፅ አሳለፈ። አምስት አገሮች ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ደቡብ አፍሪካ፣ ናይጄሪያና ጋቦን ደገፉት። የተፈቀደው ሲቪሉን ሕዝብ ለመጠበቅ “አስፈላጊውን እርምጃ ሁሉ” መውሰድ ነበር። ቃዳፊን አውርዱ የሚል መስመር የለበትም። የአፍሪካ ኅብረት ደግሞ ከዚያ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ የውጭ ጦር እንዳይገባ ጠይቆ፣ አምስት መሪዎች ያሉበት የሽምግልና ቡድን አቋቁሞ ነበር። መሪዎቹ መጋቢት 20 ትሪፖሊ ሊበሩ ተዘጋጁ። ቦምቡ መጋቢት 19 ወደቀ። ሽማግሌ ደጅ ላይ ቆሞ ቤቱ ተቃጠለ።

በሚያዝያ ወር ኦባማ፣ ካሜሮንና ሳርኮዚ በጋራ በጻፉት ጽሑፍ ቃዳፊ በሥልጣን ላይ ያሉባት የወደፊት ሊቢያን ማሰብ አይቻልም አሉ። ከዚያ በኋላ ሲቪል መጠበቅ የሚለው ቃል ምን ትርጉም ይኑረው? የእንግሊዝ ፓርላማ የውጭ ጉዳይ ኮሚቴ ራሱ በ2016 ባወጣው ሪፖርት ዓላማው ሲቪልን ከመጠበቅ መንግሥትን ወደ መለወጥ መንሸራተቱን ጽፏል። ኦባማም በዚያው ዓመት ከሥልጣን ዘመናቸው ትልቁ ስሕተት ለሊቢያ ማግስት አለመዘጋጀት እንደሆነ ተናግረዋል። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ቃዳፊ በጥቅምት 2011 ተገደሉ። የጦር መጋዘናቸው ተዘረፈ። ለእሳቸው ሲዋጉ የነበሩ ቱዋሬጎች መሣሪያውን ጭነው ወደ ማሊ ተመለሱ። በጥር 2012 ሰሜን ማሊ ላይ አመፅ ተነሳ። በመጋቢት የማሊ ወታደሮች “መንግሥት አመፁን መቋቋም አቃተው” ብለው ፕሬዝዳንት አማዱ ቱማኒ ቱሬን ገለበጡ። ቱሬ ከአምስቱ ሽማግሌዎች አንዱ ነበሩ። የሊቢያን እሳት ሊያጠፉ የሄዱትን ሰው እሳቱ ቤታቸው ድረስ ተከትሏቸው መጣ። ሳህል ከዚያ ወዲህ አልተረጋጋም።

ለእኛም መጣ። የሊቢያ መንግሥት ሲፈርስ ባሕር ለመሻገር የሚሄዱት የኢትዮጵያና የኤርትራ ልጆች በሚሊሺያና በሰው አዘዋዋሪ እጅ ወደቁ። ቤተሰብ ደውለው “ገንዘብ ላኩ፣ አለዚያ ይገድሉኛል” የሚሉት ልጆች የዚያ ውጤት ናቸው። በሚያዝያ 2015 አይሲስ ወደ 30 የሚጠጉ ኢትዮጵያውያንን ሊቢያ ውስጥ ገድሎ ቪዲዮውን ለቀቀ። አገር ሙሉ አለቀሰ። ያን ሳምንት ስለ ውሳኔ 1973 ያነሳ ሰው ግን አልሰማሁም። ክሩ ግን ይገናኛል። ቃዳፊ ክፉ ገዥ ነበሩ፤ በእሳቸውም ዘመን ስደተኛ በሊቢያ ይታሰርና ይንገላታ ነበር። ያኔ ግን ቢያንስ አቤት የሚባልበት አንድ መንግሥት ነበር።

ሌላው መዘዝ ምክር ቤቱ ውስጥ ነው የታየው። ሩሲያና ቻይና በሊቢያ ተታለልን አሉ። ከ2011 መጨረሻ ጀምሮ በሶሪያ ላይ የሚመጣውን የውሳኔ ሐሳብ ተራ በተራ በቬቶ ጣሉት። ሰበቡ የእነሱም ጥቅም ነው እርግጥ። ቢሆንም “ሲቪል ጥበቃ” የሚለው ቃል አንዴ ከተጎዳ በኋላ በእውነት የሚፈልገው የሶሪያ ሕዝብ አላገኘውም።

ኢራቅን ሁሉም ስለሚያውቀው በአንድ አንቀጽ ልለፈው። በ2003 ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ ተገባ። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ የነበሩት ኮፊ አናን በ2004 ከቻርተሩ ጋር የማይሄድ፣ ሕገ ወጥ ነው አሉ። የተባለው የጅምላ ጨራሽ መሣሪያ አልተገኘም። ትልቁ ስሕተት ግን በግንቦት 2003 የኢራቅን ጦር በአንድ ትእዛዝ መበተኑ ይመስለኛል። መሣሪያ የያዘና ደመወዝ የተቋረጠበት በመቶ ሺህዎች የሚቆጠር ሰው ቤቱ ሄደህ ተቀመጥ ተባለ። ከእነዚህ መኮንኖች አንዳንዶቹ በኋላ አይሲስ ውስጥ ተገኙ። ሊቢያ ላይ ልጆቻችንን የገደለው ስም ከዚያ ነው የመጣው።

“ታዲያ አንድም የተሳካ የለም?” ለሚል ሰው፣ አለ። ፓናማ ከ1989 ወዲህ ምርጫ እያካሄደች መንግሥት ትለውጣለች፤ ጦሯንም በትናለች። በእርግጥ ኤል ቾሪዮ የሚባለው የድሆች ሰፈር ተቃጥሎ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞተዋል። ጋምቢያ ደግሞ ደም ሳይፈስ ነው የሆነላት። ያህያ ጃሜህ በታኅሣሥ 2016 ምርጫ ተሸነፉ፤ መጀመሪያ ተቀበሉ፤ ከዚያ አልወርድም አሉ። አዳማ ባሮው በጥር 2017 ዳካር በሚገኘው የጋምቢያ ኤምባሲ ማሉ። የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ጦር ድንበር አለፈ። ጃሜህ ሁለት ቀን ሳይቆዩ አውሮፕላን ላይ ወጡ።

ሁለቱን የሚያመሳስላቸውን ተመልከቱ። ፓናማም ጋምቢያም ላይ ሕዝቡ አስቀድሞ ድምፅ ሰጥቶ ነበር። እንዳራ በግንቦት 1989 አሸንፈው ኖሪየጋ የሰረዙባቸው ሰው ናቸው። ወንበሩ ባለቤት ነበረው። አገሮቹ ትንንሽ መሆናቸውም ሳይረዳ አልቀረም። ስለ ውጭ ሰዎች መንግሥት መለወጥ ያጠኑ የፖለቲካ ሳይንቲስቶችም ወደዚሁ ያዘነብላሉ፤ አሌክሳንደር ዳውንስና ጆናታን ሞንተን በውጭ ኃይል መሪ መለወጥ ብቻውን ዲሞክራሲ እንደማያመጣ ያገኙት በርካታ አገሮችን አወዳድረው ነው። ግን የተመረጠ ሰው መኖሩም ዋስትና አይሆንም። የሄይቲው ፕሬዝዳንት አሪስቲድ የተመረጡ ነበሩ፤ በ1994 በምክር ቤቱ ፈቃድ በአሜሪካ ጦር ታጅበው ሄይቲ ተመለሱ። በ2004 አማፅያን ወደ ዋና ከተማው ሲቃረቡ በአሜሪካ አውሮፕላን አገር ለቀው ወጡ። ዛሬ አብዛኛው የዋና ከተማዋ የፖርቶ ፕሪንስ ክፍል በወንበዴ ቡድኖች እጅ ነው።

የአፍሪካ ኅብረት የራሱ መልስ አለው። የመቋቋሚያ ሕጉ አንቀጽ 4(ሸ) የጦር ወንጀል፣ የዘር ማጥፋትና በሰብአዊነት ላይ የሚፈጸም ወንጀል ሲኖር ኅብረቱ በመሪዎች ጉባኤ ውሳኔ ጣልቃ የመግባት መብት እንዳለው ይናገራል። ሩዋንዳ ላይ እጃችንን አጣጥፈን አየን የሚል ጸጸት ነው ያስጻፈው። በታኅሣሥ 2015 የኅብረቱ የሰላምና ፀጥታ ምክር ቤት ቡሩንዲ 5,000 ወታደር እንዲገባ ወሰነ። ቡሩንዲ እንደ ወራሪ እቆጥራችኋለሁ አለች። በጥር 2016 መሪዎቹ አዲስ አበባ ተሰብስበው ሳይልኩ ተለያዩ። አንቀጹ በዚህ ዓይነት እስከ ዛሬ ሥራ ላይ አልዋለም። እያንዳንዱ መሪ ነገ በእኔ ይደርሳል ብሎ ያስባል። ፍርሃታቸው ራስ ወዳድነት ነው፤ ግን ራስ ወዳድነት ብቻ አይደለም።

ኮንጎን ያየ ሰው ይህን ይረዳል። በግንቦት 1997 ሩዋንዳና ኡጋንዳ በሚደግፉት ጦር ሞቡቱ ወደቁ። ሎራን ካቢላ ነገሡ። በሐምሌ 1998 ካቢላ የሩዋንዳ ወታደሮች ከአገሬ ይውጡ አሉ። በነሐሴ ሩዋንዳ ወታደሮቿን በአውሮፕላን ጭና ከኪንሻሳ በስተምዕራብ ርቆ ባሕር ዳር አካባቢ ወዳለው ኪቶና አራገፈቻቸው፤ ያነገሡትን ሊያወርዱት። አንጎላና ዚምባብዌ ደርሰው ካቢላን አተረፏቸው። ጦርነቱ ግን አገሩን በላው።

ኮንጎ ሁለቱንም ዘ ሄግ ከሰሰቻቸው። በ2005 ፍርድ ቤቱ ኡጋንዳ ኃይል መጠቀምን የሚከለክለውን መርህ ጥሳለች አለ። በየካቲት 2022 ደግሞ 325 ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንድትከፍል ወሰነ፤ በየዓመቱ 65 ሚሊዮን፣ አምስት ዓመት። ኮንጎ የጠየቀችው ከ11 ቢሊዮን በላይ ነበር። የሩዋንዳው ክስ ግን ሳይሰማ ቀረ። ሩዋንዳ የፍርድ ቤቱን ሥልጣን አልተቀበለችም፤ ፍርድ ቤቱም ያልተቀበለውን አገር አስገድዶ መዳኘት አይችልም። ሥልጣኑን አስቀድመው በመግለጫ የተቀበሉ አገሮች ዝርዝር ላይ ሶማሊያ አለች፣ ጂቡቲ አለች፣ ሱዳንም አለች። ኢትዮጵያ የለችበትም። ስለዚህ ነገ አንዱ ጎረቤት ድንበራችንን ቢያልፍ፣ ወይም እኛ ብናልፍ፣ ጉዳዩ በዚህ መንገድ ዘ ሄግ የሚደርስበት ዕድል የለም።